14 ገጽ ሲቪ

አንድ ዩኒቨርሲቲ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ስሠራ ነው። የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ አስተባባሪ የሚል ክፍት የሥራ መደብ አወጣን። የአስተዳደር መደብ ነው፣ የመምህር አይደለም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ማመልከቻ ጎረፈ። እኔ የማጣራው ማስታወቂያውን ከፋይሉ ጋር እያመሳከርኩ ነው። የትምህርት ደረጃ? ሠራተኛ የመምራት ልምድ? የዕቃ ግዢና የክምችት ቁጥጥር? ካለ ምልክት፣ ከሌለ ባዶ። የመምህር ቅጥር ቢሆን ፋይሉን የሚመዝነው የትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ ነው፤ የሙያው ሰዎች ስለሆኑ ጽሑፉ የታተመበትን መጽሔት ስም አይተው ብቻ ሰውየውን ይገምቱታል። እኔ ግን ኬሚስት አይደለሁም።

ከሁሉም የወፈረው ፋይል 14 ገጽ ነበር። ባለ ዶክትሬት ነው። የታተሙ ጽሑፎች፣ ያስተማራቸው ኮርሶች፣ የምርምር ዕቅድ ሳይቀር አለበት። ማመልከቻ ደብዳቤውም ከላይ እስከ ታች ስለ ምርምር ነው። ሠራተኛ መርቷል የሚል ብፈልግ ብፈልግ የለም። ስምንተኛው ገጽ ላይ "የቤተ ሙከራ ኃላፊ" የምትል አንድ መስመር አገኘሁ፤ ዓመተ ምህረቷን ይዛለች፣ ምን እንደሠራ ግን ትንፍሽ አትልም። ወደቀ።

ዝርዝሩ እንደተለጠፈ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በሩን በርግደው ገቡ።

"እንዴት እሱን ትጥሉታላችሁ? አራት ቴክኒሻን ይዞ ያንን ቤተ ሙከራ ቀጥ አድርጎ ያስተዳደረ ሰው እኮ ነው!"

"ዶክተር፣ ለእርስዎ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው። ፋይሉ ላይ ግን የለም።"

በእጄ ጨምሬ እንድጽፍለት ፈለጉ። አይሆንም። ሌላ አመልካች ቅሬታ ቢያቀርብ የሚመረመረው ፋይሉ ነው፣ የኃላፊው ምስክርነት አይደለም።

እንደ ዕድል ሆኖ መስፈርቱን ያሟላ ሰው ስለጠፋ ማስታወቂያው እንደገና ወጣ። ሰውየው ራሱ ደወለ። (አብዛኛው አመልካች አይደውልም፤ ስልኩ ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ለጌጥ ይመስለዋል መሰለኝ።) ለማንም የምለውን ነገርኩት፦ እያንዳንዱን መስፈርት በራሱ በማስታወቂያው ቃል ጻፈው፣ ከሥሩ ደግሞ የት፣ ስንት ዓመት እንደሠራህ፣ ስንት ሰው እንደመራህ አስቀምጥ። ሕትመቱ ለመምህር መደብ ይቆይህ።

ሁለት ገጽ ላከ። አራቱ ቴክኒሻኖች መጀመሪያው ገጽ ላይ ናቸው። የኬሚካል ክምችቱ፣ የግዢ ጥያቄው፣ የደህንነት ሥልጠናው፣ ሁሉም አለ። ሕትመቶቹ አንድ መስመር ሆነዋል።

ቃለ መጠይቁ ላይ ዶክትሬት ይዞ የአስተዳደር መደብ ያመለከተ ሁሉ የማያመልጠው ጥያቄ መጣ። "የመምህር መደብ ሲወጣ ጥለኸን ትሄዳለህ፣ አይደል?" እሱ እቴ፣ አልተደናገጠም። ማስተማሩን ሞክሬዋለሁ፣ የምወደው ቤተ ሙከራውን ነው አለ። ቀጥሎ የራሱን ጥያቄ አመጣ፦ "የዚህ መደብ ደመወዝ ከመደበኛ በጀት ነው ወይስ ከፕሮጀክት?"

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። የፕሮጀክት ገንዘብ ነበር፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መደቡም የሚያልቅ። ማስታወቂያው ላይ ይህን የጻፈ የለም፣ ከአመልካቾቹም ከእሱ በቀር የጠየቀ አልነበረም። እሱ ግን የማብቂያው ቀን ውሉ ላይ ይጻፍልኝ አለ። ተጻፈለት፣ ፈረመ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እስካሁን ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ "ያ ልጅ ሊያመልጠን ነበር" ይሉኛል።