አንደበት ለምኜ ካርድ ተሰጠኝ

ልመሰክር ተስዬ ነበርና ይኸው።

ልጄ አምስት ዓመቱ ነው። ከኩላሊቱ በላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ እጢዎች ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን በበቂ አያመርቱም። አብሮት የተወለደ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ሆርሞኑን የሚተካ ክኒን ይወስዳል። በምላጭ እየከፈልሁ፣ ፍርፋሪዋን በጣቴ ጫፍ እየለቀምሁ እሰጠዋለሁ። ደኅና ሲሆን ከጎረቤት ልጆች አትለዩትም። ትኩሳት ሲይዘው መጠኑ ይጨመርለታል። ካስታወከ ግን ክኒኑም አብሮ ይወጣል። ያኔ መድኃኒቱን በመርፌ ቶሎ ካላገኘ ስኳሩም የደም ግፊቱም ወርዶ ሊያልፍ ይችላል።

አምና ክረምት ሌሊት ላይ ማስታወክ ጀመረው። በባጃጅ ቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ሮጥን። ፋይሉ ሌላ ቦታ ነው። ተረኛው "ሆዱን ነው፣ ኦአርኤስ ስጪው" አለኝ። የበሽታው ስም ከአፌ ጠፋ። "እጢው... እጢው" እላለሁ። "ቶንሲል ነው?" ይለኛል። አልፈርድበትም፤ እንዲህ ያለ ልጅ በሥራ ዘመኑ አንድም ላያጋጥመው ይችላል። የሚከታተለውን ሐኪም በስልክ እስክናገኝ ሊነጋ ደረሰ። ልጄ ክንዴ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዝለፍልፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄጄ አለቀስሁ። "አምላኬ፣ አንደበት ስጠኝ" አልሁ። ጧፍም ተሳልሁ።

በቀጠሯችን ቀን ሐኪሙ ሳልጠይቀው ጠንካራ ወረቀት አወጣና በአንድ በኩል በእንግሊዝኛ፣ በሌላው በአማርኛ ጻፈልኝ። ፒያሳ ወስጄ በላስቲክ አስለበጥሁት። ከማተቡ ጎን አንጠለጠልሁለት። ጎረቤቴ "ደሞ ክታብ አሰርሽለት?" አለች። ተናደድሁ። የንስሐ አባቴ ግን አንብበውት ሳቁና "ለኮልታፋው ሙሴ አሮንን የሰጠ፣ ላንቺ ይቺን ሰጠሽ" አሉኝ።

ዘንድሮ የከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ፣ ጀርባዬ ላይ አስታወከ። ደገመው። በሕዝቡ መሀል ተጋፍተን አንድ ክሊኒክ ደረስን። ነርሷ ልጅ እግር ናት። ላስረዳት አፌን ስከፍት ካርዱን ከአንገቱ ሳብ አድርጋ አነበበች፦ "ሃይድሮኮርቲሶን 50 ሚሊ ግራም፣ በደም ሥር ወይም በጡንቻ። ቀጥሎ ጨውና ስኳር ያለው ፈሳሽ። የምርመራ ውጤት አይጠበቅ።"

"ገባኝ፣ እናቴ" አለችኝ። መርፌውን እየሳበች ነበር።

እኔ ምንም አልተናገርሁም። አመሻሽ ላይ ዓይኑን ገልጦ ዳቦ ጠየቀኝ።

የካቲት 7 ጧፌን ይዤ ሥላሴ ገባሁ። እሱ አንጋጦ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን መላእክት ያያል። ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው። በሹክሹክታ "እማዬ፣ እነሱ አንገት የላቸውም። ካርዳቸውን የት ያንጠለጥሉታል?" አለኝ።