ሶኬቱን የነቀልኩ ቀን

ሃዱፕ የሚባል፣ ትልቅ ፋይል ለብዙ ኮምፒውተሮች አከፋፍሎ የሚያሠራ ሶፍትዌር አለ። በእሱ ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮችን አያይዤ ክላስተር፣ ማለትም እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ስብስብ፣ ሠራሁ። ሶፍትዌሩ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት) ስለሆነ የፈቃድ ክፍያ የለበትም። ኮምፒውተሮቹም ሊጣሉ የነበሩ ናቸው። አለቃዬ ደስ አለው። «በል እንግዲህ፣ ሠራተኛው እንዲወደው አድርግ» አለኝ። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ።

ሁሉንም ክፍል ሰብስቤ ገለጻ ጀመርኩ። ፋይሉ በ128 ሜጋባይት እየተቆራረጠ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በ3 ኮምፒውተሮች ላይ ቅጂ አለው... ሰው ሲያዛጋ እያየሁም ቀጠልኩ። መጨረሻ ላይ የማሳየው ጉድ ነበረኛ! ሥራው እየሄደ የአንዱን ኮምፒውተር ሶኬት ነቅዬ «አያችሁ? አልቆመም!» ልል ነው።

ነቀልኩት። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር 61 በመቶ ላይ ቀጥ አለ።

ሃዱፕ አንድ ማሽን ድምፁ ስለጠፋ ብቻ ሞተ አይልም። ቅንብሩን ካልነካችሁት 10 ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። የሟቹን ሥራ ለሌሎቹ የሚያከፋፍለው ከዚያ በኋላ ነው። ነገሩ አስተዋይነት ነው፤ ኔትወርክ ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ሥራ አይተራመስም። መድረክ ላይ ቆሞ ላብ ላጠመቀው ሰው ግን 10 ደቂቃ መቼም አያልቅም። ገሚሱ ስልኩን መነካካት ያዘ፤ ገሚሱ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ወጣ። ቁጥሩ እንደገና ሲንቀሳቀስ ያጨበጨብኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ዕቃዬን ስሰበስብ ከሂሳብ ክፍል አንዲት ትልቅ ሴት ጠጋ አሉና «ይሄ ነገር የወሩን ፋይል ይከፍትልኛል?» አሉኝ። ለካ ፋይላቸው ከኤክሴል አቅም በላይ ሆኗል። ኤክሴል በአንድ ሺት ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይይዝም። ታዲያ እንዴት ይሠሩታል ብላቸው፣ ፋይሉን ቆራርጠው ለልጆቹ ያድላሉ። እያንዳንዱ የድርሻውን ይደምራል። ድምሮቹን እሳቸው ሰብስበው አንድ ያደርጋሉ። አንዱ ከቀረ ድርሻውን ለሌላው ይሰጣሉ።

ሳቄ መጣ። እኔ ስለፈልፍበት የነበረውን ሴትዮዋ በየወሩ በእጃቸው ሲሠሩት ኖረዋል!

ከዚያ በኋላ ስለ ክላስተር ማውራት ተውኩ። ሃይቭን ጫንኩ። ኤስኪውኤል በሚባለው የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ የተጻፈ ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ሃዱፕ ሥራ የሚለውጥ ሌላ ኦፕን ሶርስ ነው። እሳቸው ደግሞ ኤስኪውኤል የት ያውቃሉ? ወር መርጠው አንድ ቁልፍ ብቻ የሚጫኑበት ገጽ ሠራሁላቸው። ትንንሾቹን ፋይሎች ግን በኤክሴልዎ ይቀጥሉ አልኳቸው፤ ሃዱፕ ለጥቂት ረድፍ ሲሉት ሥራ እስኪጀምር ራሱ ይንቀራፈፋል። የሚገርመው፣ ይበልጥ ያመኑኝ ይህን ስነግራቸው ነው።

አንድ ቀን ከግዢ ክፍል አንድ ልጅ ይዘው መጡ። ላስረዳው አፌን ስከፍት «ተው፣ እኔ ልንገረው» አሉኝ።

«ስድስት ልጆች በላቸው። ፋይሉን ይካፈሉታል። አንዱ ቢታመም ሌላው ይሠራለታል።» ትንሽ አሰቡና ወደ እኔ ዞር ብለው ፈገግ አሉ። «መታመሙን እስኪያረጋግጡ ግን ትንሽ ያስጠብቁሃል።»