በጽጌ ሰሞን ቤት ውስጥ ያለፈ ሰንበት

ባለፈው ዓርብ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት፣ እናቴ የቆላችውን ቡና ሙቀጫ ውስጥ ጨምራ በጥድፊያ ትወቅጥ ነበር። ለሁለት ቀን የሚበቃንን ያህል ወቅጣ ስትጨርስ ዘነዘናውን ጠራርጋ አስቀመጠች፤ ሙቀጫውንም አጥባ ጥግ ላይ ደፋችው። ከዚያ በኋላ እስከ እሁድ ማታ የሚነካው የለም። ዕለት የሚጀምረው ከዋዜማው ምሽት ነው እየተባለች ያደገች በመሆኗ፣ ለእርሷ ቀዳሚት ሰንበት የገባችው ያን ጊዜ ነው፤ በሰንበት ደግሞ አይወቀጥም፣ አይፈጭም፣ ልብስ አይታጠብም። ልጅ ሳለሁ ይህ ሁሉ ክልከላ ብቻ ሆኖ ይታየኝ ነበር። አሁን ግን ሙቀጫው ሲደፋ ቤቱ ላይ የሚያርፈውን ጸጥታ ሳምንቱን ሙሉ እናፍቀዋለሁ።

ጊዜው ጥቅምት ነው፤ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የጠራበት፣ አደይ አበባው መርገፍ የጀመረበት፣ ሌሊቱ ግን አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ የያዘበት ወር። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ነው፤ እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ከሄሮድስ ሸሽታ ወደ ግብፅ መሰደዷ የሚታሰብበት፣ በማግሥቱም የቁስቋም በዓል የሚከበርበት ወቅት ነው። በእነዚህ ሳምንታት ከቅዳሜ ምሽት ጀምሮ እስከ እሁድ ንጋት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። እናቴን ለዓመታት አንዱም አምልጧት አያውቅም ነበር። ዘንድሮ ግን ጉልበቷን ስለሚያማት ዳገቱን መውጣት አልቻለችም፤ እኔም ብቻዋን ልተዋት ስላልፈለግሁ አብሬያት ቤት ዋልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን አጥፍቼ ከእርሷ ጋር ቁርስ በላሁ። ጾመ ጽጌን ብንይዝም በሰንበት እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀመስ አይዋልም፤ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ እንደተከለከሉ ሆነው ጠዋት ይበላል፣ ስግደትም የለም። ይህን ሥርዓት እወደዋለሁ። ሰውነትን ከማድከም ይልቅ የዕለቱን ክብር ያስቀድማል፤ ጿሚውም በረኃቡ ብዛት ራሱን የሚመዝንበት ሚዛን ለሁለት ቀን ይወሰድበታል።

ይህች ቅዳሜ በዋዛ የተገኘች አይደለችም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበት እንደ እሁድ ትከበር ብለው በማስተማራቸው ብርቱ ተቃውሞ ገጥሟቸው ከአገር ወጡ፤ ሳይመለሱም በአርመን ምድር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ክህነት ተከልክለው፣ ከቤተ መንግሥቱም ከቤተ ክህነቱም ተገፍተው፣ በሰሜኑ ገዳማት ሰንበታቸውን ይዘው ቆዩ። ነገሩ እልባት ያገኘው በ1450 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ በሰበሰቡት ጉባኤ ነው፤ ግብፃውያኑ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ባሉበት ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ስለዚህች አንዲት ቀን አገሩን ጥሎ በባዕድ ምድር የሞተ ሰው እንዳለ እያወቅሁ፣ እኔ ለስንት ዓመት ቅዳሜን የሳምንቱ የሥራ ትርፍራፊ መጣያ አድርጌያት ኖርኩ።

ከሰዓት በኋላ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ ከንስሐ አባቴ በቀር ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን አንድ ነገር ለእናቴ አወጣሁላት። ጾመ ጽጌ ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አይቆጠርም፤ የፈቃድ ጾም ነው። በዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን አብዛኛው የሥራ ባልደረባዬ ስለሚጾም የእኔ መጾም ከማንም አይለየኝም። በጥቅምት ግን፣ «በጥቅምት አንድ አጥንት» እየተባለ ሁሉም ሥጋ ሲያዝ፣ እኔ ሽሮ ሳዝ «ትጾማለህ እንዴ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ያ ጥያቄ ያስደስተኝ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ብቻዬን ተከራይቼ በምኖርበት ጊዜ፣ ቀን ላይ ጿሚነቴን በኩራት ተናግሬ ስመለስ፣ ማታ በሬን ዘግቼ ሁለት እንቁላል ጠብሼ በላሁ። እስከ ዛሬ የሚከብደኝ የእንቁላሉ ነገር አይደለም፤ በማግሥቱ ምሳ ላይ ያው ጥያቄ ሲመጣ «አዎ» ያልኩበት ቅለት ነው።

እናቴ ሲኒውን እየሞላች «ለንስሐ አባትህ ነግረሃቸዋል?» አለችኝ።

«አዎ፣ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ከዚያስ ጾሙን ቀጠልክ?»

«ቀጠልኩ።»

«እንግዲያው ቡናህ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ ልጄ» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ቤት ውስጥ፣ ከእናት በቀር ማንም በሌለበት፣ ሃይማኖት የሰው ዓይን ሲነሣለት ምን ያህል እንደሚቀረኝ ማወቅ ፈልጌ ነበር። አምናና ካች አምና ጾሙን ለማንም ሳልናገር ይዤዋለሁ። ስጋበዝም ምክንያቴን ሳላብራራ ያለውን የጾም ምግብ እበላለሁ፤ ሰው ፊት ለፊት ሲጠይቀኝ ግን አልዋሽም። በዝምታ የተያዘው ጾም ከወትሮው ይልቅ ረዘመብኝ፤ የሚያበረታኝ አድናቆት አልነበረምና። ሆኖም የጸሎት ሰዓቴ ላይ የማስበው ነገር ተለውጧል፤ ከሰው ጋር የምነጋገረውን በልቤ መለማመድ ትቻለሁ።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ገደማ ከበሮው ተሰማ። ቤተ ክርስቲያኑ ከሰፈራችን በላይ ስለሆነ ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር የጸናጽሉ ድምፅ ሳይቀር ይደርሳል፤ ሲመለስ ደግሞ ከበሮው ብቻ ይቀራል። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ መስኮቱን በትንሹ ከፈተች፤ በጃንጥላዋ እንደ መቋሚያ ተደግፋም ቆመች። ጉልበትሽን ያምሽ የለም ወይ፣ ተቀመጪ ብላት በእጇ ዝም እንድል አመለከተችኝ። እኔ ወንበሩ ላይ ሆኜ «ጽጌ» የሚለውን ቃል በዜማው ውስጥ እየጠበቅሁ ጥቂት እንደቆየሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ጎሕ ቀድዷል፣ የእናቴም ጋቢ በላዬ ነበር። እርሷ ነጠላዋን እንደተከናነበች፣ ክብደቷን ወደ ደኅናው እግሯ አድርጋ፣ ገና መስኮቱ ሥር ቆማለች።