ድዳችሁ ሲደማ ብሩሹን አትተዉት
እዚህ ጅማ ጫት ሲቃም ለስላሳ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ከጎን አይጠፋም። ከሰዓቱን ሙሉ ፉት ፉት ሲባል አፍ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ እየቀየሩ ጥርሱን ፋታ ይነሱታል፣ የሚቦረቡረውም ያ አሲድ ነው። እባካችሁ በውሃ ቀይሩት።

ድዱ ስለደማ መቦረሽ ያቆመ ጓደኛ አለኝ። በጣም ያሳስበኛል! ድድ አብዛኛውን ጊዜ የሚደማው ጠርዙ ላይ በተጠራቀመ ቆሻሻ ነው። ስለዚህ ለስላሳ ብሩሽ ይዞ እዚያው ጠርዙን ቀስ አድርጎ ማጽዳት ነው። የደነደነውን ግን ሐኪም ብቻ ነው የሚያነሳው።

መፋቂያ እወዳለሁ፣ ግን የኋላ መንጋጋን በደንብ ለማዳረስ ይከብዳል። ማታ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና አይቅር፤ አረፋውን ተፉት እንጂ በውሃ አትጉመጥመጡ።

ፊት ካበጠና ትኩሳት ካለ ማስታገሻ እየዋጡ መጠበቅ የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።