ኖራና ጎመንዘር

ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ነው። የታክሲ ረዳቶች «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያሉ ሲጣሩ ሰምቼ ነው የምነቃው። አሁን የምኖረው ሜክሲኮ ሲቲ ነው። ለቤቴ የሚቀርበው የሜትሮ ጣቢያ ደግሞ ስሙ ኢትዮጵያ ነው። 3ኛው መስመር ላይ ነው፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ። ጣሊያን ሲወረን ሜክሲኮ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ተቃውማለች፤ ወዳጅነቱ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ጠዋት ጠዋት ያን አንበሳ ሳየው ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ ግን የትም አልሄድም። የአከራዬ ማድ ቤት ነኝ። በደቡብ ሜክሲኮ ያለችው የኦዋሃካ ግዛት ሰው ናቸው፣ በእድሜ እናቴን ይበልጣሉ። «ሚሃ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለት ነው።

አርብ ማታ በቆሎውን ለምግብ ከሚሆን ኖራ ጋር ይቀቅሉና ያሳድሩታል። ጠዋት በእጃችን ስናሸው ገለባው ሙልጭ ብሎ ይወጣል። ታጥቦ ይፈጫል። ያለ ኖራ ሊጡ አይያያዝም፤ ይፈረካከሳል።

ምጣዳቸው ሸክላ ነው፣ ኮማል ይሉታል። መጀመሪያ ሲያሟሹት ባየሁ ቀን ዝም ብዬ ቆምኩ። ኖራ በውሃ በጥብጠው፣ በጨርቅ ነክረው፣ ቶርቲያው፣ ማለትም ስሱ የበቆሎ ቂጣቸው፣ እንዳይያዝ ዙሪያውን ቀቡት። እናቴ በጎመንዘር የምታደርገውን እኮ ነው! እጃቸው የሚዞርበት አኳኋን እንኳ የእሷው ነው።

ቶርቲያ ሁለቴ ይገለበጣል። ከዚያ እንደ ኳስ ይነፋል። የኔ ሦስት ቅዳሜ አልነፋ አለኝ። ሊጡ ደርቆ ነበር፤ እጄን ውሃ እየነከርኩ እንዳሸው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። በአራተኛው ተነፋ። አጨበጨቡልኝ።

ደረቁን ቃሪያ ኮማሉ ላይ ሲያምሱ ደግሞ ቤቱ በርበሬ በርበሬ ይላል። የበርበሬያችን ዘር ድሮ የወጣው ከዚህ አህጉር ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ባዳነቱ ቀለለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን በቪዲዮ ደወልኩላት። ኮማሉን አሳየኋት።

«በምንድነው የሚያሟሹት?»

«በኖራ።»

«ግድግዳ በሚቀባው?» አለች ደንግጣ። አስረዳኋት። ትንሽ አሰበችና «እስቲ እጃቸውን አሳዪኝ» አለችኝ።

ስልኩን አዞርኩት። አከራዬ ነገሩ ገብቷቸው ቶርቲያውን በባዶ እጅ ገለበጡና ጣታቸውን ወደ ስልኩ አቀረቡ። እሳት የለመደ፣ ጫፉ የደደረ ጣት። እናቴም መነጽሯን አወለቀች፣ የራሷን እጅ ወደ ካሜራው አስጠጋች።