12 የገጠር ቤቶችን ያለ ሙሉ የአካባቢ ምዘና ያሳለፍንበት መንገድ

አሜሪካ ውስጥ በቤቶችና ከተማ ልማት ሚኒስቴር ገንዘብ በገጠር ቤት የምንሠራ ሰዎች ደንቡ ይቅለል እያልን እንጮሃለን፤ ገንዘቡ ከመለቀቁ በፊት የሚደረገውን የአካባቢ ግምገማ የሚመራው ደንብ ክፍል 58 ውስጥ ያለውን ማቅለያ ግን ብዙዎቻችን አንጠቀምበትም።

የመጀመሪያው ዕቅዴ 12ቱንም ቤት አንድ ቦታ መሥራት ነበር። ይህ ሙሉ ምዘና፣ ማለትም ፕሮጀክቱ በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚመረምር ጥናት ይጠይቃል፤ ምዘናው ካለቀ በኋላ ለሕዝብ አስተያየት 15 ቀን፣ ሚኒስቴሩ ገንዘቡን እንዲለቅ በሚቀርበው ጥያቄ ላይ ተቃውሞ ለሚያቀርብ ደግሞ ሌላ 15 ቀን አለ። ይኸው ደንብ ግን አንድ ቦታ ላይ ከ4 ቤት ካልበለጠና ቦታዎቹ ከ2,000 ጫማ (610 ሜትር ገደማ) በላይ ከተራራቁ ሙሉ ምዘናውን ያስቀራል። ስለዚህ ሦስት ቦታ ላይ አራት አራት አደረግኳቸው። ርቀቱን የለካሁት ከድንበር እስከ ድንበር ነው፤ መሬቱ ሰፊ ሲሆን ከመሃል እስከ መሃል መለካት ያታልላል። ሦስቱም በአንድ የግምገማ ፋይል ገቡ። አንዱን ፕሮጀክት ቆራርጦ በየፋይሉ ማስገባት በራሱ ጥሰት ነው።

ምዘናው ቀረ ማለት ግን ጎርፉ፣ ረግረጉ፣ ቅርሱና ጫጫታው አይታይም ማለት አይደለም። ከነዚህ አንዱም ተጨማሪ እርምጃ ካልጠየቀ ፋይሉ «ነፃ» ወደሚባለው ምድብ ይዞራል፤ ማስታወቂያም የገንዘብ መልቀቂያ ጥያቄም ይቀራል። ትልቁ ትርፍ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ድካሜን ቦታ መረጣው ላይ አዋልኩት።

ካርታ ብቻ አይበቃም። የረግረግ ካርታው በዋናነት ከአየር ፎቶ የተሠራ ስለሆነ ትንንሹን ይስታል፤ በእግሬ ዞሬ ፊላ ወይም ቄጠማ ያየሁበትን ጥግ ከዕቅዱ አወጣሁ። ባቡር ሐዲድ በ3,000 ጫማ፣ ብዙ መኪና የሚያልፍበት መንገድ በ1,000 ጫማ ውስጥ ካለ የጫጫታ ስሌት ይመጣል፤ የጫጫታው ከፍተኛ ገደብ 65 ዴሲቤል ነው። ቤቶቹ ሊፈነዳ ወይም ሊቃጠል ከሚችል ታንከር በስሌት የሚወሰን ርቀት ሊኖራቸው ስለሚገባ የጎረቤት እርሻ ታንከሮችንም አያለሁ። የደኅንነት መስፈርቱን የሚያሟላ እስከ 1,000 ጋሎን የሚይዝ የፕሮፔን ታንከር ከርቀት ስሌቱ ወጥቷል፤ ከ100 ጋሎን በላይ የሆነ የፈሳሽ ነዳጅ ታንከር ግን አልወጣም።

የቅርስ ደብዳቤው ከሁሉ ቀድሞ ይላክ። የግዛቱ የቅርስ ቢሮ 30 ቀን አለው፤ ለነባር ሕዝቦች ጎሳዎችም በዚያው ቀን ጻፉ። ፎቶ፣ ካርታና የቁፋሮው ጥልቀት ካልተያያዙ 30 ቀኑ መቁጠር አይጀምርም። ብዙ ፋይል የሚዘገየው በሕጉ ሳይሆን በዚህች አባሪ ነው።

ነገሩን ሁሉ የሚያፈርሰው መቸኮል ነው። የገንዘብ ማመልከቻው ከገባ በኋላ ግምገማው ሳያልቅ በራስ ገንዘብም ቢሆን መሬት መግዛት ወይም መጥረግ አይቻልም። የሚፈቀደው በግምገማው ውጤት ላይ የተንጠለጠለ፣ ክፍያውም ከመሬቱ ዋጋ ኢምንት የሆነ የመግዛት አማራጭ ውል (መሬቱን ወደፊት የመግዛት መብት የሚሰጥ፣ ግን የማያስገድድ) ነው። አፈሩ ፍሳሽ መምጠጡን ለመፈተሽ ጉድጓድ መቆፈር ጥናት ስለሆነ ችግር የለውም። ለመግቢያ መንገድ ተብሎ ዛፍ ከተቆረጠ ግን ያ ቦታ የፌዴራሉን ገንዘብ ሊያጣ ይችላል።