እራፊን በእርሳስ መስፋት

«ፓችወርክ» የተባለውን የሰሌዳ ጨዋታ አራት ኪሎ ባለው ቤታችን ከእህቴ ጋር መጫወት ከጀመርን ሦስት ዓመት ሆኖናል። ጀርመናዊው ኡቬ ሮዘንበርግ የፈጠረውና እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ይህ ጨዋታ ለሁለት ሰው ብቻ የተሠራ ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ የካርቶን እራፊዎችን እንደ ገንዘብ በሚያገለግል የልብስ ቁልፍ እየገዙ 81 ቤቶች ባሉት ገበታ ላይ ብርድ ልብስ ይሰፉበታል። ችግሩ፣ 33ቱ እራፊዎች በክብ ሲደረደሩ ጠረጴዛችን ላይ ለስኒ እንኳ ቦታ አይተርፍም፤ እሑድ ከቡና በኋላ ከምንሰበሰበው ስድስት ሰዎች መካከልም አራቱ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ።

በቅርቡ ከውጭ የመጣ ዘመዳችን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን «ፓችወርክ ዱድል» ይዞልን መጣ። በዚህኛው እራፊው ይሣላል እንጂ አይደረደርም። እያንዳንዱ ሰው 9 በ9 የተሰመረ ወረቀትና እርሳስ ይይዛል፤ መሐል ላይ በክብ በተዘረጉት ስምንት ካርዶች ዙሪያ አንዲት የጥንቸል ቅርጽ ያላት መጫወቻ ዳይሱ ባወጣው ቁጥር ልክ ትራመዳለች፤ ያረፈችበትን ካርድ ቅርጽ ሁላችንም በየወረቀታችን እንስላለን። ስድስት ካርድ ከተሣለ በኋላ ነጥብ ይቆጠራል፣ ይህም ሦስት ጊዜ ይደገማል። ዋናው ነጥብ የሚገኘው አንድም ባዶ ቤት ከሌለበት ትልቁ ካሬ ነው።

እህቴ አልወደደችውም። በቀድሞው ጨዋታ እያንዳንዱ እራፊ የቁልፍም የጊዜም ዋጋ ነበረው፤ ተራው ምንጊዜም በጊዜ ወደ ኋላ የቀረው ሰው ስለሆነ፣ ርካሽ መስሎ የተገዛ እራፊ ለተቃራኒው ሁለትና ሦስት ተራ በተከታታይ ሊሰጠው ይችላል። ያ ሁሉ ስሌት እዚህ የለም። «የምነጥቅህ ነገር ከሌለማ ምኑን ተጫወትነው?» አለችኝ። ግማሹን አምኜላታለሁ።

ነገር ግን ዕድሜዋን በልብስ ስፌት ያሳለፈችው እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ቀረበች። ከዙሩ በኋላ የሚተርፉት ሁለት ካርዶች ወደሚቀጥለው ዙር እንደሚያልፉ ከእኔ ቀድማ ያስተዋለችው እሷ ናት፤ እንደ ጉልበት የታጠፈ አንድ ቅርጽ መቅረቱን አይታ፣ ልክ የሚያክለውን ክፍተት ግማሽ ጨዋታ ሙሉ ጠበቀችለት። በአንጻሩ፣ ቅርጽን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ክፋይ ብቻ ለመሣል የሚያስችለውን የመቀስ ዕድል አንድም ቀን አልተጠቀመችበትም። የእህቴ ልጅ «እማማ፣ ይቁረጡትና ካሬዎ ይሙላ» ቢላት «ደህና ጨርቅ በምን በደሉ ይቀደዳል?» ብላ መለሰችለት። በዚያ ዙር በእሱ ተበለጠች፤ ደግነቱ ልጁ በእስክርቢቶ ሲስል አንድ ቤት ስቶ ስለነበር በመጨረሻው እኩል ወጡ።

ወረቀቱ እንዳያልቅብን አንዱን ንጹሕ ቅጠል ይዤ ፎቶ ኮፒ ላስነሣ ሄጄ ነበር። ባለ ማሽኑ ምን እንደነካካ አላውቅም፣ ያዘዝኩትን 50 ቅጂ በሙሉ አሳንሶ አነሣልኝ፤ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ብታየው «ይህ የመርፌ ቀዳዳ ነው» ብላ መለሰችው። በማግስቱ በኤ3 አስነሥቼላት አሁን በዚያ ትጫወታለች፤ የእህቴ ልጅ ግን የእሷ ቤቶች ሰፋፊ መሆናቸው ማጭበርበር ነው ብሎ እስካሁን ይከራከራል።